ልግጫና ያልተነገረው ቃል፤ የአንድ የፍትወት ልብ ወለድ የመድረክ መሳለቂያና ሐያስያኑ፣ ከሆሣዕና ሲታዩ

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያየ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በኤዲንብራና በኒው ዮርክ መድረክ ስለ ተሳለቁበት አንድ የፍትወት መጽሐፍ፣ የሕዝቦችን ልማድ በሚያጠና መጽሔት ላይ መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሐያስያን ስለዚያ መሳለቂያ የሰጡት ፍርድ በአብዛኛው የተሳሳተ መስሎ ስለ ታየኝ፣ ስሕተቱም ያልተነገረ ቃል በሰዎች መካከል የሚሠራውን ሥራ ካለማስተዋል የመጣ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ያው ስሕተት በእኛም ከተሞች፣ እኔም በተገኘሁበት ጉባኤ፣ ሲፈጸም ስላየሁ ነው። ሁለተኛውን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ነገሩን ላላወቀው አንባቢ ማስረዳት አለብኝ።

መጽሐፉን የጻፈችው ኢ. ኤል. ጄምስ የተባለች እንግሊዛዊት ስትሆን፣ ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ሃምሳ የግራጫ ጥላዎች» ሊባል ይችላል። ግሬይ የሚለው ቃል የቀለሙም የባለታሪኩም ስም ስለ ሆነ፣ ርእሱ የቅኔ መምህራን ኅብር የሚሉት ዓይነት ነው። የድርሰቱም ጥበብ ከዚህ ብዙ ርቆ አይሄድም። አናስታዝያ የተባለች የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ክርስቲያን ግሬይ ከተባለ የ27 ዓመት ቱጃር ጋር ትተዋወቃለች። ቱጃሩም ፍቅርን በውል ጽሑፍ፣ በአንቀጽና በንኡስ አንቀጽ ከፋፍሎ፣ እርሱ አዛዥ እርስዋ ታዛዥ የምትሆንበትን ደንብ ያቀርብላታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ የውሉ ድርድርና የመኝታ ቤቱ ነገር ነው። ድርሰቱ በመጀመሪያ በስቴፈኒ ማየር የደም መጣጮች ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ፣ የዚያ መጽሐፍ ወዳጆች እርስ በርሳቸው እንዲያነቡት የተጻፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ አነስተኛ የአውስትራልያ አሳታሚ ወጣ፤ በ2012 ትልቅ አሳታሚ ወሰደው፤ በ2014 መጀመሪያም ሦስቱ ተከታታይ ክፍሎች ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጣቸው ተነገረ። ሰልማን ሩሽዲ እንደዚህ በመጥፎ ሁናቴ ተጽፎ ለኅትመት የበቃ ነገር አንብቦ እንደማያውቅ ተናግሯል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን 100 ሚሊዮኑን ቅጂ አያስረዳም።

በ2015 ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት መሳለቂያው ቀድሞ ደረሰ። ጽሑፍ ሳይዝ በመድረክ ላይ ወዲያው እየፈጠረ በመጫወት የታወቀው ቤቢ ዎንትስ ካንዲ የተባለው የቺካጎ ቡድን «ሃምሳ ጥላዎች!» የተሰኘውን የዘፈን ትያትር አዘጋጅቶ በ2012 በኤዲንብራ የትያትር በዓል አሳየ፤ በ2014 ደግሞ በኒው ዮርክ በኤሌክትራ ትያትር ቤት አቀረበው። ካናዳዊው ጂም ሚላን ያዘጋጀው «ስፓንክ!» የተባለውም፣ ትርጓሜው መቀመጫን በመዳፍ መምታት ማለት ነው፣ ከ2012 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። «ከፍ ሚ!»፣ በእኛ አባባል «በካቴና እሰረኝ»፣ የተባለ ሦስተኛ መሳለቂያም በዚያው በ2014 በኒው ዮርክ ታየ። የመጀመሪያውን እኔም በትምህርት ላይ ሳለሁ ተጓዡ ቡድን ባለፈበት ከተማ ተመልክቼዋለሁ። ከጐኔ የተቀመጡት ሴቶች በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ይመስሉ ነበር፤ መብራቱ ሳይጠፋ በፊትም ይስቁ ነበር።

በዚህ ትያትር መጀመሪያ ላይ የሚታየው የቱጃሩ ቤት አይደለም። በየጊዜው ተሰብስበው መጽሐፍ በማንበብ የሚወያዩ ሴቶች ይታያሉ፤ መጽሐፉን ለማንበብ ይስማማሉ፤ የሚያነቡትም ነገር በዓይናችን ፊት ሰው ሆኖ ይቆማል። በልብ ወለዱ ውስጥ እንደ ግሪክ ሐውልት የተሣለውን ጐልማሳ በኒው ዮርክ የተጫወተው ክሪስ ግሬስ ወፍራምና ደልዳላ ሰው ነው፤ ልጅቱ ግን በውበቱ እንደ ተደነቀች ትኖራለች። «ስፓንክ!» ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። በመድረኩ ላይ ያለችው ደራሲዋ ናት። ስሟ ኢ. ቢ. ጃኔት ይባላል፤ ባልዋና ልጆችዋ ከቤት በወጡበት የዕረፍት ቀን ብቻዋን ተቀምጣ መጽሐፏን ትጽፋለች፤ ሁለቱ ባለታሪኮች ከሐሳብዋ እየወጡ ይጫወታሉ፤ እርስዋም ታዝዛቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ አንዳንድ ጊዜም ታፍርባቸዋለች።

ሐያስያኑ በእነዚህ ሥራዎች ላይ ከሰጡት ፍርድ ጐልቶ የሚሰማው አንድ ሐሳብ ነው። መጽሐፉ ራሱ ሳያውቀው መሳለቂያ ስለ ሆነ በመሳለቂያ ላይ መሳለቅ አይቻልም፤ በሚያስቅ ነገር ላይ ሳቅ መጨመር ጨው በባሕር ላይ እንደ መነስነስ ነው ይላሉ። ከዚህም ጋር ተያይዞ ተመልካቾቹ ለትያትር ሳይሆን ለጨዋታ የመጡ፣ በቡድን ሆነው መጠጥ ይዘው የሚስቁ ሴቶች ስለ ሆኑ፣ ሳቃቸው የሥራውን ዋጋ አያሳይም የሚል አዝማሚያ አለ። ያመሰገኑት ደግሞ በአብዛኛው የዘፋኞቹን ድምፅና የጨዋታውን ፍጥነት አመሰገኑ እንጂ፣ ነገሩ ምን ላይ እንደሚሳለቅ አልመረመሩም።

እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ፍርድ የተሳሳተው ዒላማውን ባለመለየቱ ነው። መሳለቂያው በመጽሐፉ ላይ ብቻ የተቃጣ ቢሆን ኖሮ ሐያስያኑ እውነት አላቸው፤ መጽሐፉ ራሱን አጋልጦ ይዞራልና። ነገር ግን ትያትሩ በመጽሐፉ ፈንታ የመጽሐፉን ንባብ በመድረክ ላይ አወጣ። ሴቶቹ መጽሐፉን በየቤታቸው ሸፍነው ያነበቡት ናቸው፤ ጐረቤትም እንዳነበበችው ያውቃሉ፤ ጐረቤትም እነርሱ እንዳነበቡት ታውቃለች፤ ማንም ግን አልተናገረም። መብራቱ ሲበራ የሚገለጠው ይህ የጋራ ዝምታ ነው። ወፍራሙ ጐልማሳም የሚያስቀው በውፍረቱ አይደለም። ሁላችንም ስናነብ በልባችን የሣልነውን ሌላውን ሰው ስለምናስታውስና፣ የሣልን መሆናችን ስለሚታወቅብን ነው። የሴቶቹ ሳቅ እንግዲህ ከሥራው ውጭ ያለ ጫጫታ ሳይሆን የሥራው ግማሽ ነው። ይህን ሳይመዝኑ መፍረድ፣ ተቀባዩን ትተው የአውራጁን ድምፅ ብቻ ሰምተው በዘፈን ላይ እንደ መፍረድ ይቈጠራል።

በዚህ ቦታ ስለ ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ ፌዝ፣ ቧልት፣ ሽሙጥ፣ ምጸት፣ ስላቅ፣ ልግጫ የሚሉት ሁሉ በአንድነት ይነገራሉ፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። ቧልት ሰው ባይኖርበትም ይሆናል፤ ሽሙጥ ግን የሚነካው ሰው እዚያው መኖር አለበት። ምጸት ተቃራኒውን ተናግሮ እውነቱን ማስገንዘብ ነው። ለጉዳያችን ከሁሉ የሚቀርበው ልግጫ ነው፤ የሚያላግጥ ሰው የሌላውን አነጋገር፣ አካሄድና አኳኋን እያስመሰለ ይጫወታልና። አስመሳዩ እንዲያስቅ የግድ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ የተመሰለውን ሰው ተመልካቹ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። እንግዳ ሰው ቢያላግጡለት ዝም ብሎ ያያል። የፍትወት መጽሐፍ ችግርም ከዚህ ላይ ነው፤ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አውቀዋለሁ አይልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1907 ኤሊኖር ግሊን የተባለችው እንግሊዛዊት «ሦስት ሳምንታት» የሚል፣ በዘመኑ እጅግ የተነወረ፣ እጅግም የተሸጠ የፍትወት ልብ ወለድ አውጥታ ነበር። አንድ የፊልም ድርጅት በዚሁ መጽሐፍ ላይ የሚያላግጥ አጭር ፊልም ሲያሳይ ደራሲዋ ከሰሰች፤ በ1915ም ዳኛው ያንገር ክሱን ሳይቀበሉት ቀሩ። ምክንያታቸውም ሁለት ነበር። ፊልሙ ከመጽሐፉ የወሰደው ይህን ያህል የሚቈጠር አይደለም፤ ቢወስድም መጽሐፉ ከግብረ ገብ ውጭ ስለ ሆነ ሕግ አይጠብቀውም። ልብ በሉ፣ ፊልሙንም አላመሰገኑትም፤ እርሱም ነውረኛ ነው ብለዋል። በአንድ ፍርድ መጽሐፉም መሳለቂያውም ተወገዙ፤ ልዩነታቸው ምን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልተገኘም። የ2012ና የ2014 ሐያስያን ስለ ግብረ ገብ ባይናገሩም ያንኑ ያደርጋሉ፤ መሳለቂያውን ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ገመድ ያስሩታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመድረክ ታሪካችን ራሱ በመሳለቂያ የጀመረ መሆኑን እናስታውሳለን። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከባሕር ማዶ ትምህርታቸው ተመልሰው፣ ከላ ፎንቴን ተረቶች መንገድ ይዘው «የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ» የተባለውን ትያትር በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፣ በመድረክ የተናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ የተቈጡት ግን ሰዎች ናቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ሥራው ታገደ። ያገዱት ሰዎች ከሐያሲ የተሻለ አስተዋይነት ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ያልተጠራውን ስም ሰምተዋልና።

በልብ ወለድ በኩል ደግሞ ሁለት ሥራዎችን ጐን ለጐን ማየት ይበቃል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ በተነበበ ጊዜ፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የሁሉ ሆነ፤ ማንበብ የማይችለውም በጋራ ሰማው። ስለዚህ የዚያን ድምፅ አነጋገር እያስመሰለ የሚያላግጥ ተጫዋች በየትኛውም ከተማ ወዲያው ይታወቅለታል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ግን የውቤ በረሃን ሌሊት በግልጽ ቃል የሚተርክ በመሆኑ፣ በእጅ ጽሑፍ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ሳይቈረጥ ለሕዝብ የቀረበው ከተጻፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለብቻ የተነበበ መጽሐፍ የጋራ ሳቅ አያወጣም። የስብሐት አንባቢዎች ስለ መጽሐፉ ሲከራከሩ የኖሩት፣ ጸያፍ ነው ወይስ እውነተኛ በሚል እንጂ፣ ያስቃል ወይስ አያስቅም በሚል አይደለም፤ ይህም ለእንደዚህ ያለ ቀልደኛ ደራሲ የሚያሳዝን ዕጣ ነው።

አሁን ወደ ሆሣዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ዶዮገና ልምጣ። ሆሣዕና ቀድሞ ዋቸሞ የምትባል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በእነዚህ ከተሞች ስለ ትያትር በተነሣ ቍጥር የሚሰማው አንድ ቃል «ባህላችን አይፈቅድም» የሚል ነው። ይህን ቃል የሚናገሩ ሰዎች ባህላቸውን ይወዱታል፤ ነገር ግን ጠይቀውት አያውቁም።

የከምባታ ያገባች ሴት ባሊሻ በሚባለው ልማድ የባልዋን አባትና እናት ስም አትጠራም። ይህ ብቻ ቢሆን በብዙ አገር የሚገኝ ነገር ነው። እርስዋ ግን በስማቸው የመጀመሪያ ቀለም የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላት ሁሉ ትርቃለች። የአማቷ ስምና የእህል ስም በአንድ ቀለም ቢጀምሩ የእህሉን ስም አትናገርም፤ በምትኩ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው ቃል፣ ወይም ነገሩን በሥራው የሚገልጽ አነጋገር፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ብቻ ተጠብቆ የኖረ ልዩ ቃል ታመጣለች። ኢቮን ትራይስ የከምባትኛን ቋንቋ ሲያጠኑ ይህን በ2005 እ.ኤ.አ. በሰፊው ገልጸውታል። ልማዱ በሐዲያና በሲዳማ ሴቶችም ዘንድ የታወቀ ነው፤ በወጣቶች ዘንድ ግን እየደከመ ሄዷል። በሐዲያ በኩል ደግሞ ኡልሪሽ ብራውከምፐርና ጥላሁን ሚሻጎ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የተራኪ ዘፈኖች ስብስብ ርእሱን «ምስጋናና ማሾፍ» ብሎታል፤ ሁለቱን ሥራ ከአንድ አፍ እንደሚወጣ አድርጎ።

የአማችን ስም የምትርቅ ሴትና በመድረክ የሚያላግጥ ተጫዋች በመጀመሪያ ሲታዩ ተቃራኒዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ታከብራለች፣ ሌላው ያዋርዳል። ሥራቸው ግን የሚቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው። ሁለቱም የጐደለውን ቃል ሰሚው በልቡ እንዲያሟላ ይፈልጋሉ። ባሊሻን የማያውቅ እንግዳ፣ ሙሽራይቱ አንድን ቃል ለምን ዞራ እንደ ተናገረችው ስለማይገባው አክብሮቱን አይሰማም፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ወፍራሙን ጐልማሳ አይቶ አይስቅም። የኒው ዮርኩ ትያትር ቃል በቃል ተተርጕሞ በሆሣዕና አዳራሽ ቢታይ ይወድቃል፤ የሚወድቀው ግን ነውረኛ ስለ ሆነ አይደለም። እዚያ የሚያስቀው፣ በየቤቱ የተሸፈነውን ነገር በአደባባይ ስሙን ጠርቶ መናገሩ ነው። እዚህ የሚያስቀው አለመጥራቱ ይሆናል።

ይህን እኔ ራሴ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢው በሚገኝ በአንድ ትምህርት ቤት ለዓመቱ መዝጊያ የሚቀርቡ አጫጭር ትያትሮችን ከሚመርጡት ሰዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። አንዲት የከምባታ ተወላጅ ተማሪ ያቀረበችው ሥራ በመካከላችን ጭቅጭቅ አስነሣ። ጨዋታው በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ የሐዲያውም የከምባታውም ልጅ እንዲሰማው ይመስለኛል። አንዲት ሙሽራ በአማቷ ቤት ተቀምጣ በስልኳ አንድ የፍቅር ታሪክ ለብቻዋ እያነበበች ትስቃለች። አማቲቱ እንሰት እየፋቀች፣ «የሚያስቅሽን ለእኔም አንብቢልኝ» ትላታለች። ሙሽራይቱ እምቢ ማለት አትችልም። የአማቷ የባል ስም ከበደ ነው። ስለዚህ በ«ከ» የሚጀምር ቃል ሁሉ ተከለከለባት።

ከንፈር ማለት አትችልም፤ «የጥርስ በር» ትላለች። በታሪኩ ውስጥ ያለው ቱጃር ልጅቱን የሚያስራት በከረባት ነው፤ ይህንንም «በአንገት ገመድ» ትለዋለች፤ አማቲቱም ሰውየው ጥጃ ሌባ እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን «ከቤት»፣ «ከላይ»፣ «ከእርሱ ጋር» የሚሉት ናቸው፤ «ከ» ሳይባል ማን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል? ተማሪዋ ያገኘችው ዘዴ ድንቅ ነው። ሙሽራይቱ እንደ ወሎ ሰው «ተቤት»፣ «ተላይ»፣ «ተርሱ ጋራ» እያለች ታነባለች። አማቲቱም ሥራዋን አቁማ፣ «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ወሎዬ ሆንሽ?» ትላታለች።

ከመራጮቹ አንዱ ጨዋታው ጸያፍ ነው አሉ። የትኛው ቃል እንደ ሆነ ተጠየቁ። ጽሑፉን አገላብጠው አንድም ስላላገኙ፣ «አልተባለም፤ ግን ይገባል» ሲሉ መለሱ። ይህ ከዚያ በፊት ካነበብኋቸው የባሕር ማዶ ሒሶች ሁሉ የተሻለ ሒስ ነበር፤ ሥራው በምን እንደሚቆም በሦስት ቃል ተናግረዋልና። የደረሱበት ውሳኔ ግን ጨዋታው እንዳይታይ ሆነ። እኔም ዕውቀቴን ይዤ ዝም አልሁ፤ በወረቀቱም ኅዳግ ላይ «ተሻሽሎ ይቅረብ» ብዬ ጻፍሁ። ተማሪዋ ወረቀቷን ስትቀበል፣ «መምህር፣ የሚሻሻለው የትኛው ነው?» አለችኝ። የነገርኋትን መልስ እዚህ ለመድገም አፍራለሁ።

ሰዎቹ ባህልን ጠበቅን ብለው ሲያበቁ፣ በዚያ ቀን ከቀረቡት ጨዋታዎች መካከል ባሊሻን የሚያውቀውን አንዱን ጨዋታ አስቀሩ። የታየው ሌላው ትያትር የከተማ ልጅን ስካር የሚነቅፍ፣ በአዲስ አበባ መድረኮች መቶ ጊዜ የታየ ዓይነት ነበር። በዕድሜ የገፉ የከምባታ ሴቶች በአዳራሹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር፤ ከእነርሱ በቀር ያን የ«ከ» ጨዋታ እስከ ሥሩ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ወጣቱ ተማሪ በወሎኛው ይስቅ ነበር፤ እነርሱ ግን ሙሽራይቱ አንድ ጊዜ ተሳስታ «ከ» ልትል ስትል አፏን በእጇ የምትይዝበትን ቦታ ይጠብቁ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የዚህን ሥራ ጕድለት ሳልናገር ባልፍ የሐያሲ ሥራ አልሠራሁም። ሁለተኛው ክፍል ደካማ ነው። ባልየው ከሥራ ሲመለስ የሚናገረው ብዙ ነው፤ የሚያክለው ግን የለም። አማቲቱ እስከ እኩሌታው ድረስ ሞኝ ሆና ትታያለች፤ ሞኝነቷ የማስመሰል መሆኑን ቶሎ ብናውቅ ሳቁ ይጠልቅ ነበር፤ እርስዋም በዘመኗ ሙሽራ ሆና ቃል ስትርቅ የኖረች ናትና፣ የጥርስ በር ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርስዋ ናት። በመጨረሻም መራጮቹን ለማስደሰት በኋላ የተጨመረ አንድ ትርኢት አለ፤ ሙሽራይቱ ስልኳን ዘግታ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ወጣቶችን እንደሚያበላሽ ለተመልካቹ ትናገራለች። ይህ ያለ ጥርጥር መውጣት አለበት። ጽሑፉን ባለፈው ዓመት እንደገና ሰጥታኝ ሳነብ ይህንኑ ነገርኋት፤ እንደምታወጣውም ተስማማች። አሁን ጨዋታው የሚያበቃው መብራት ጠፍቶ ሙሽራይቱ በጨለማ ተቀምጣ ሳለች ነው፤ አማቲቱ እንሰቱን መፋቅ ሳታቋርጥ፣ ቀስ ብላ፣ «ያ ሰውዬ በአንገት ገመዱ አሰራት ብለሽ ነበር፤ ኋላስ?» ትላታለች።